ፊደል በቁመት አይለካም

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረችው አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ለተወሰኑ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆና አገልግላለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የአባ ገዳ አዳራሽ አላት፣ ሆቴሎቿም አዳራሽ ለማከራየት የሚሽቀዳደሙ ናቸው። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የወረዳ ካድሬውም ሥልጠና ባለው ቁጥር ወደ አዳማ መውረድን ልማድ አድርጎታል። በእነዚህ አዳራሾች የተሰብሳቢውን ዓይን የሚይዘው ተናጋሪው አይደለም። በግድግዳው ላይ የተወጠረው ነጭ ጨርቅና በጨርቁ ላይ የሚያርፈው ስላይድ ነው። ስላይዱን የሚያነብ ሕዝብ ብዛት ሲታሰብ፣ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ከመጽሐፍ ይልቅ በስላይድ የተማረው ሰው ቁጥር ቀላል አለመሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የሚነበብ ገጽ እንዴት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የጽሑፍ ባህል ጉዳይ ነው።

የተለመደው ስላይድ ይህን ይመስላል። በላይኛው መስመር ርዕሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቁቤ ጉርጉዳ ማለትም በትልልቁ የላቲን ፊደል ይጻፋል። ከሥሩ ያው ርዕስ በአማርኛ ይከተላል፤ አማርኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ከላይኛው ላለማነስ ሲባል ይወፍራል፣ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ጥላ ይጣልበታል፣ ከሥሩም መስመር ይሰመርበታል። በሦስተኛው መስመር እንግሊዝኛው እንደ ኦሮምኛው በትልልቁ ፊደል ብቻ ተደርድሮ ይቆማል። ሦስቱም መስመሮች በአንድ ቁመት ተስተካክለው፣ በአንድ ውፍረት ተሰልፈው፣ ሦስቱም እኩል ለመነበብ አስቸጋሪ ይሆናሉ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት መምህርት ዓይኗን አጥብባ የመጀመሪያውን ርዕስ ስትጨርስ ተናጋሪው ሦስተኛው ስላይድ ላይ ደርሷል።

ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ? ብዙዎች ትልልቁ ፊደል ለርዕስ፣ ትንንሹ ለዝርዝር የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የላቲን ፊደል በመጀመሪያ ትልቅ ብቻ ነበር፤ በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ113 በተመረቀው የንጉሠ ነገሥት ትራያን ሐውልት ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ለዚህ ምስክር ነው። ለድንጋይ የተመቸው ያ ፊደል ለብራና ጸሐፊ እጅ ስላልተመቸ፣ በዘመናት ውስጥ እየተቀጠለ ሲሄድ ትንንሾቹ ፊደላት ተወለዱ፤ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሻርለማኝ ዘመነ መንግሥትም መልክ ያዙ። የሁለቱ ድርሻ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ላይ አውሮፓውያን ራሳቸው ዛሬም አልተስማሙም። ጀርመኖች ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ዴንማርኮች ይህንኑ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1948 ጣሉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በርዕስ ውስጥ ዋና ዋና ቃላትን ሁሉ በትልቅ ፊደል ሲጀምር፣ ፈረንሳዊው የመጀመሪያዋን ፊደልና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ ያተልቃል። በጀርመን አገር የባውሃውስ መምህር የነበረው ኸርበርት ባየር እ.ኤ.አ. በ1925 ትልልቁ ፊደል ጨርሶ ይቅር ብሎ ተነሥቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ ‹‹ሕጉ ይህ ነው›› የሚል ሰው የአንድን አገር ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበሉ ነው።

ቁቤ ወደ ኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች የገባው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር። በደርግ ዘመን ትታተም የነበረችው ‹በሪሳ› ጋዜጣም በግዕዝ ፊደል ትጻፍ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ሲሆን ፊደሉም ይኸው ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የላቲኑ ፊደል ሲመረጥ ከተነሡት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የሚጠብቀው ተነባቢና የሚረዝመው አናባቢ በጽሑፍ ላይ ተለይቶ ይታይ የሚለው ይገኝበታል። ቁቤ ይህን የሚያሳየው ፊደሉን በመደጋገም ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቃሉን ያስረዝመዋል። ‹ሻሸመኔ› በግዕዝ ፊደል አራት ምልክት ነው፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አሥር፣ በቁቤ ደግሞ አሥራ ሦስት ፊደል ይሆናል። ‹አዳማ› ሦስት፣ በእንግሊዝኛ አምስት፣ በቁቤ ሰባት ነው። እነዚያን አሥራ ሦስት ፊደላት በትልልቁ ብቻ ደርድሮ መጻፍ ማለት አሥራ ሦስት እኩል ጡቦች ማቆም ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ ዘንግ የሚያነሣው፣ ከመስመሩ በታች ጅራት የሚጥለው ትንሹ ፊደል ሲወገድ ዓይን የሚይዘው መቆናጠጫ ያጣል፤ ተደጋጋሚዎቹ አናባቢዎችም አንድ ይሁኑ ሁለት መቁጠር ግድ ይሆናል። የቁቤ ትልቁ ጥቅም፣ ማለትም የድምፁን ርዝመት በዓይን ማሳየቱ፣ በዚህ አጻጻፍ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቁቤን በትልልቁ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ቁቤን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ የተመረጠበትን ምክንያት ከጥቅም ውጪ እያደረገው ነው።

በጉዳዩ ላይ ጥናት የለም እንዳይባል፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ማይልስ ቲንከር ባለፈው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ባካሄዳቸው ተደጋጋሚ ፈተናዎች በትልልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ምንባብ የንባብን ፍጥነት አሥር በመቶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምክንያቱ የቃሉ ቅርፅ ነው ወይስ የአንባቢው ልማድ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ለአዳራሹ ተሰብሳቢ ግን ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ድካሙ አንድ ነው።

ወደ ትርጉሙ ሲገባ ጉዳቱ ይብሳል። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ ትልቁ ፊደል የተጸውዖን ስም ከወል ስም የሚለይ ምልክት ነው። ‹ገመቹ› በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው፤ የሰውም ስም ነው። ‹ሀርአ ገመቹን ዹፈ› ሲባል ‹ዛሬ ደስታ መጣ› ይሁን ‹ዛሬ ገመቹ መጣ› በጽሑፍ የሚለየው በአንዲት ፊደል ትልቅነት ነው። ሁሉም ፊደል ትልቅ ከሆነ፣ ወይም በእንግሊዝኛው የርዕስ ልማድ የቃላቱ መነሻ ሁሉ ትልቅ ከሆነ፣ ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም ከዚህ አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በእንግሊዝኛ የሚታወቅበት ምሕፃረ ቃል ‹ማን?› ብሎ ከሚጠይቀው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በፊደል አንድ ነው፤ የሚለያቸው ትልቅና ትንሽ መሆናቸው ብቻ ነው። በጤና ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ይህን ልዩነት አጥፍቶ ርዕስ የሚጽፍ ሰው ድርጅቱን ወደ ጥያቄ ለውጦታል።

የእንግሊዝኛው የርዕስ ልማድ ለኦሮምኛ የማይስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። ያ ልማድ መስተዋድዱንና ጠቋሚ ቃሉን ትንሽ አድርጎ ሌላውን ማተለቅ ነው፤ የተሠራውም ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። ኦሮምኛ እንደ እንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚቆም ጠቋሚ ቃል የለውም፤ ‹ኢረቲ›ን የመሰሉ ቃላት ከስሙ በኋላ ይመጣሉ፤ ‹ፊ› የተባለው አያያዥ ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ናት። ታዲያ ‹ፊ› ትተልቅ ወይስ ታንስ? በአንድ ሥልጠና፣ በአንድ ሰው እጅ በተዘጋጁ ስላይዶች ላይ እንኳ አንዴ ትልቅ አንዴ ትንሽ ሆና ትታያለች። ይህ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም። ያልተሠራለትን ጫማ የተጫማ ሰው ማነከሱ ነው።

አማርኛው ዘንድ ሲደረስ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት የሚያዩ አልጠፉም። ለአማርኛ ቅኔና ግጥም ግን ይህ ‹ጉድለት› ሀብት ነው። ‹ከዚህ ቤት ተስፋ ጠፋ› የሚል አንድ መስመር ይወሰድ። ተስፋ የተባለ ልጅ ጠፋ? ወይስ የቤቱ ሰዎች ተስፋ ቆረጡ? ፊደሉ አይናገርም፤ ሰሙንና ወርቁን አንባቢው ራሱ ይለያል። ስሙ በትልቅ ፊደል ቢጀመር ኖሮ ወርቁ ገና ሳይፈለግ በተገኘ ነበር። ደስታ፣ ሰላም፣ ብርሃን፣ ዓለም እያለ የሰውን ስም ከሐሳብ ስም ጋር ያስተሳሰረ ሕዝብ ጽሑፉም እንዲሁ የተሳሰረ መሆኑ ተውኔት ጻፊንም ጠቅሟል። በአማርኛ ተውኔት ጽሑፍ የባለታሪኩ ስም ከንግግሩ የሚለየው በስፍራውና በሥርዓተ ነጥቡ ነው፤ በዚህ የተነሣ ተዋናይ ንግግሩን አላጣም።

ለማጉላት የሚያስፈልገውን ደግሞ የግዕዝ ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅተው አስቀምጠዋል። የብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔርን፣ የማርያምንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ የምዕራፉ መክፈቻ መስመሮችም በቀይ ይለያሉ፤ በራስጌው ሐረግ ይሣላል፤ የክፍሉ ማብቂያ በነጥቦች ጌጥ ይታሰራል። ቀዩ ቀለም ሌላው ዓለም በትልቅ ፊደል የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር፤ የፊደሉን አካል ግን አልነካም። ምሕፃረ ቃልም በበኩሉ መንገድ አግኝቷል፤ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ዶ/ር እያለ በእዝባር፣ ዓ.ም. እያለ በነጥብ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ እያለ ስላይድ አዘጋጁ ፊደሉን ያጋድመዋል። የግዕዝ ፊደል ለመጋደም አልተቀረጸም፤ ማሽኑ በግድ ሲገፋው እግሩ ይንሸራተታል። ከሥሩ መስመር ሲሰመርበት ደግሞ ሣልሱንና ኃምሱን የሚለየው ምልክት በአብዛኛው ከእግሩ ላይ በመሆኑ መስመሩ ምልክቱን ይበላዋል። መወፈሩ ከሁሉም ይብሳል። ‹ቢ›ን ከ‹ቤ›፣ ‹ሊ›ን ከ‹ሌ› የሚለየው አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት፤ ፊደሉ ከልክ በላይ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈናለች፤ ከኋላ ረድፍ ለሚያይ ሰው ኃምሱ ሣልስ ይሆንበታል። በጥንቷ ናዝሬት ጎዳናዎች የሱቅ ሰሌዳ በብሩሽ ይጽፉ የነበሩ ሠዓሊዎች ፊደሉን ጥላ ሲጥሉበት እንኳ ቀለበቷን ክፍት ይተዉ ነበር። እጃቸው የሚያውቀውን ዛሬ ማሽኑ አያውቅም።

ማሽኑ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ሲያገለግሉ የቆዩት የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዙን ቅርፅ በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስላይዱ ርዕስን በትልልቅ ፊደል እንዲጽፍ አስቀድሞ ከታዘዘ፣ ማሽኑ በወንበሩ ላይ ያለውን ‹ትንሽ የላቲን ፊደል› መስሎት ወደ ትልቁ ወንበር ያሻግረዋል፤ እዚያ የተቀመጠው ግን ሌላ የግዕዝ ፊደል ነው። ያለ ጥፋቷ የተበላሸች ርዕስ በአዳራሹ ፊት ትቆማለች። በድምፅ በሚጻፉት መጻፊያዎችም ትልቁ ቁልፍ ትልቅ ፊደል አይሰጥም፤ በትንሹ ‹ተ› የነበረው በትልቁ ‹ጠ›፣ ‹ነ› የነበረው ‹ኘ› ይሆናል። ይህን ሥርዓት ባለፈው መቶ ዓመት መጨረሻ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በላቲን ፊደል ግዕዝን ለመወከል ሲቀምሩት ‹ሴራ› የሚል ምሕፃረ ስም ሰጥተውታል። ሴራ በአማርኛ ተንኮል፣ በኦሮምኛ ደግሞ ሕግ ማለት መሆኑ በአዳማ ለሚኖር ሰው ጨዋታ የሚፈጥር ነው። ቁም ነገሩ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ፊደል ማጉያ ሳይሆን ሌላ ድምፅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት መግባት ይቻላል። ለትልልቁ ፊደል የሚቆሙ ወገኖች አንድ ሊናቅ የማይገባው ምክንያት አላቸው። የግዕዝ ፊደል በአንድ የፊደል መጠን ሲጻፍ ከላቲኑ ትንሽ ፊደል ጎልቶ፣ ከትልቁ ጋር ደግሞ ተቀራርቦ ይታያል። ስለዚህ አማርኛውና ኦሮምኛው ጎን ለጎን ሲቆሙ በትንንሹ የተጻፈው ኦሮምኛ ያነሰ ይመስላል፤ ለዘመናት ከጽሑፍና ከመድረክ ተገፍቶ ለቆየ ቋንቋ ደግሞ ማነስ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይህ ስሜት የታሪክ ሥር አለው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ነገር ግን መፍትሔው ስሕተት ነው። እኩልነት በቁመት አይለካም፤ በመነበብ ነው የሚለካው። አንድ የኦሮምኛ ርዕስ ከአማርኛው እኩል ረዝሞ ከአማርኛው ዘግይቶ ከተነበበ የተጎዳው ኦሮምኛው ነው፤ በመጨረሻው ረድፍ ያለውም ኦሮምኛ አንባቢ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ኦሮምኛውን በትንንሹ ፊደል ጽፎ የፊደሉን መጠን ከአማርኛው ጥቂት ከፍ ማድረግ፤ ወይም መጀመሪያ ኦሮምኛውን፣ ራቅ አድርጎ አማርኛውን አስቀምጦ ለእያንዳንዱ በቂ ነጭ ስፍራ መስጠት። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ክፈፍ ውስጥ አጨናንቆ ሁለቱንም ማስጮህ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ ተነሥተው የግዕዝ ፊደል ሁሉ በአንድ ቁመት የቆመ ስለሆነ ላቲኑስ ለምን አይቆምም ይላሉ። የሁለቱን ተፈጥሮ ሳያመዛዝኑ የቀረበ ንጽጽር ነው። በግዕዝ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይሸከማል፤ ቃሉ አጭር፣ ምልክቱ ግን ዝርዝር ነው፤ በክንድ፣ በእግር፣ በቀለበት ይለያያል። በላቲኑ ምልክቱ ቀለል ያለ፣ ቃሉ ረጅም ነው። አራት ምልክት ያለውን ‹ሻሸመኔ› የሚያነብ ዓይንና አሥራ ሦስቱን የሚያነብ ዓይን አንድ ዓይነት እርዳታ አይፈልጉም።

እርግጥ ነው፣ ትልልቁ ፊደል ቦታ አለው። በእንግሊዝ አገር የመንገድ ምልክቶች ሲታደሱ፣ ጆክ ኪነርና ማርጋሬት ካልቨርት በትንንሹና በትልልቁ ፊደል ያዘጋጁት ምልክት ዴቪድ ኪንደርስሊ በትልልቁ ብቻ ከጻፈው ጋር ተወዳድሮ ነበር፤ በርቀት በመነበብ የኪንደርስሊ ምልክት በጥቂቱም ቢሆን አልተሸነፈም። የተመረጠው ግን የኪነርና የካልቨርት ሆነ። አንድ የከተማ ስም፣ አንድ ‹መውጫ› የሚል ቃል፣ ከመቂ ወደ ባቱ የሚያቀና መኪና ውስጥ ሆኖ በጨረፍታ የሚነበብ ነገር በትልልቁ ቢጻፍ የሚጎዳ የለም። ስላይድ ግን የመንገድ ምልክት አይደለም። ስላይድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ሰው እየተናገረ፣ ሌላ ሰው እየጻፈ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር።

ጉዳዩን ንቀው የሚያልፉም አሉ። አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ ፊደል ቁመት ማውራት የምቾት ጥያቄ ነው ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን ለአንድ ሥልጠና የአዳራሽ ኪራይ፣ የውሎ አበል፣ የነዳጅ ወጪ ሲፈርሙ አያመነቱም። ያ ሁሉ ወጪ የሚያልፈው በዚያች ነጭ ጨርቅ በኩል ነው። ከወረዳ የመጣው መምህር ይዞት የሚመለሰውም ስላይዱን ነው፤ ገልብጦ በክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ ተማሪዎቹም ቁቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለው ይይዙታል። አንድ ሕፃን ‹ዸ› የነበረውን ድምፅ በሁለት ፊደል ሲጽፍ በስም መነሻ ላይ የፊተኛዋን ብቻ ማተለቅ እንዳለበት ከመምህሩ ሰሌዳ ካልተማረ ከየት ይማራል?

ስለዚህ የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የኦሮምኛውም ሆነ የእንግሊዝኛው ርዕስ እንደ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ የተጸውዖ ስምና ምሕፃረ ቃል ብቻ ይተልቁ፤ ሌላው በቁቤ ጢጢቃ ይቀመጥ። አማርኛው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አይጋደም፣ ከሥሩ አይሰመርበት፣ ቀለበቱ እስኪደፈን አይወፍር። ጎልቶ መታየት ያለበት ቃል በነጭ መደብ ላይ በደማቅ ቀይ ይለይ፤ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ስለሚጠፋ ያ ይቅር። የየክልሉ ባህልና ኮሙኒኬሽን ቢሮዎች በየመሥሪያ ቤታቸው የስላይድ ንድፍ ሲያወጡ ይህን ከሠዓሊና ከቋንቋ መምህር ጋር ተመካክረው ይወስኑ፤ ከውጭ የመጣ ንድፍ ሲቀበሉም የርዕሱን ሳጥን ከፍተው ‹ሁሉንም በትልቅ ፊደል› የሚለውን ትእዛዝ አስቀድመው ያንሱት። ምልክቱ የሚገኘው በፊደል ማስተካከያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ለማንሳት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ከዚያም አዘጋጁ የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀምጦ ስላይዱን ያንብበው።